የህንድ ፊልም ረጅም ነው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰሚራ ከወልድያ ደወለችና «እማ፣ እኔና ባሌ አዲስ ነገር ጀምረናል» አለችኝ። ያረገዘች መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ የፍቅር ፊልም ከፍተው ያያሉ፤ ፊልሙ የየትኛው አገር ከሆነ የዚያኑ አገር ምግብ ሠርተው ይበላሉ። «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጓሮ ካለችው ማንጎ ሥር ተቀመጥኩና መነሳት አቃተኝ።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ መርሳ ውስጥ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ይማም ከወልድያ ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ነው። አንዱን ቀን ደሴ ያድራል። በማግስቱ በውርጌሳ በኩል ይመጣና እኩለ ቀን ላይ መርሳን አልፎ፣ ተሳፋሪውን ወልድያ አራግፎ፣ ሲመሻሽ መኪናውም እሱም ወደ መርሳ ይመለሳሉ። ደሴ ባደረ ቁጥር ታዲያ ሲኒማ ቤት ሳይገባ አይቀርም። እኔ ሲኒማ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። መርሳ ሲኒማ የለም፤ ደሴ እንዳልሄድ ደግሞ አማቴ እትዬ ዘይነባ ሙሽራ አይዞርም ብለው ከልክለውኛል።

ስለዚህ ይማም ማታ እራት ላይ ያየውን ፊልም ይነግረኝ ነበር። መንገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይዘፍናል፣ ትራሱን ፈረስ አድርጎ ይጋልባል፣ የልጅቷ አባት ሆኖ እኔኑ ይቆጣኛል። አንድ ማታ የህንድ ፊልም እየነገረኝ ወጡን በእንጀራ ጠቀለለና «እነዚህ ሰዎች በእንጀራ አይጥሙም፤ ሩዝ ነበር የሚያስፈልገን» አለ። ቀልዱን ነው። እኔ ያን ጊዜ ቀልድ የሚባል አይገባኝም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሩዝ ሠርቼ ጠበቅሁት። በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ በላውም።

ከዚያ በኋላ ወግ ሆነ። አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ በመርሳ ሲያልፍ ይማም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየውን ፊልም አገር ይጠራል። «ህንድ!» ካለ ሩዝ በእርድና በሄል ነው። «ጣልያን!» ካለ መኮረኒ በቲማቲም። «ዓረብ!» ሲል ፉልና ተምር አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን «ፈረንሳይ!» ብሎኝ አለፈ። ፈረንሳዮች ምን እንደሚበሉ መርሳ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አጣሁ፤ ሲጨንቀኝ እንቁላል ጠበስኩ። ማታ አጣጥሞ በላና «ልክ ነሽ፣ እነሱም ይህንኑ ነው የሚበሉት» አለኝ። ከየት እንዳወቀ እንጃ!

አስፋልቱ ዳር ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች ከእኔ ቀድመው ይሰሙታል። «ሀሊማ፣ ዛሬ ዓረብ ነሽ! ሂጂ ባቄላሽን ቀቅይ!» እያሉ ይጫወቱብኛል። አፍር ነበር። ግን የአውቶቡሱን ጥሩንባ ስሰማ ከቤት ሮጬ የምወጣው እኔው ነኝ።

እትዬ ዘይነባ እዚያው ቤት፣ ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲያ ዱዓቸውን ጨርሰው ይተኛሉ፤ ማለቴ ተኝተዋል እንላለን። የፊልሙ ልጅ ከወንዱ ጋር ስትጠፋ «ወላሂ ይቺ ልጅ አታፍርም! አባቷን ምን ብላ ጥላው ትሄዳለች?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል። ታሪኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ይጨንቃቸዋል።

«አንተ ይማም፣ ሞቱ ብለህ እንቅልፍ እንዳትነሳኝ።»

«አይሞቱም እማ። ተጋቡ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይሉና ወደ ግድግዳው ዞረው እውነተኛውን እንቅልፍ ይተኛሉ።

እወደው ነበር። ያን ጊዜ በአፌ ብዬው አላውቅም፤ በእኛ ቤት እንዲህ አይባልም። ሩዝ ነበር የምሠራለት።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ወረደ። አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ ወታደር ያመላልሳል። ጎረምሳ በገበያ ቀን ይታፈሳል። አንድ ማታ «ይማም፣ ይቅርብህ፤ ገጠር እህቴ ዘንድ እንሂድ» ብዬ ለመንኩት። «ሀሊምዬ፣ እንጀራችን እኮ ከመኪናው ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ሊያስቀኝ ፈለገና «ደግሞ ደሴ አዲስ ፊልም ለጥፈዋል» አለ። ጠዋት ሄደ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ጥሩንባውን ሰምቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ መጣ፤ የሞላው ግን ወታደር ነው። የሰዉ ዘንቢልና ዶሮ ይታሰርበት በነበረው ጣራ ላይ የጥይት ሣጥን ተጭኗል። ለካ ደሴ ላይ መኪናውን ከነሾፌሩ ከነረዳቱ ለጦሩ ወስደውታል። ይማም በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። በፊቴ ሲያልፍ ግን እንደ ልማዱ ተንጠለጠለና «ህንድ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው በሲሪንቃ መንገድ ሲሄድ ጭሱ እስኪበተን ቆሜ አየሁት። ከብርቱካን ሻጮቹ አንዳቸውም አልቀለዱብኝም።

ህንድ ካለ ማታ ይመጣል ማለት ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሩዙን ለቀምኩ፣ እርዱን ጨመርኩ፣ ሄሉን ወቀጥኩ። ፀሐይ ስትገባ ከወልድያ በኩል መድፍ ይሰማ ጀመር። እትዬ ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃው ወጥተው ማዕዱ አጠገብ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ዘገየ እኮ» አልኳቸው።

«የህንድ ፊልም ረጅም ነው ልጄ» አሉኝ። «ትንሽ እንጠብቀው።»

ሩዙ እንደተከደነ አደረ።

መንገዱ ተዘጋ። ቆይቶ ከወዲያ የመጡ ሰዎች አውቶቡሱ ከወልድያ አልፎ ከነጫናቸው ሰዎች መቃጠሉን ነገሩን። ሬሳ አላየንም፤ አልቀበርንም። ኋላ «ልጅ ነሽ፣ ቤትሽን አትዝጊ» ብለው እንዳገባ የገፋፉኝ ራሳቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። የሰሚራ አባት ደግ ሰው ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ግን ሩዝ ሠርቼ አላውቅም። ለምን ብሎም አልጠየቀኝም።

ቴሌቪዥን ከገዛን በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ይማም የነገረኝ ፊልም መጣ። ከመጀመሪያው ዘፈን አወቅሁት። ዝሆኑ፣ ቀይዋ ሻርፕ፣ ቁጡው አባት፣ ሁሉም እንዳለው ናቸው። መጨረሻው ላይ ግን ልጁም ልጅቷም ወንዝ ዳር ሞቱ። ደንግጬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እኛ ቤት እኮ ተጋብተው ነበር! ለካ እናቱን ብሎ ነው። ስንቱን እንዲህ ከሞት እያወጣ ድሮት ይሆን? እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ሳይነግረኝ የቀረው የመጨረሻው ፊልም ነው። ምን ነበር? ማን ማንን ወደደ? የህንድ ፊልም ባየሁ ቁጥር ይኼ ይሆን እላለሁ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሰሚራ ካልመጣሽ ብላ ስላስቸገረችኝ በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ፤ ከመናኸሪያው በባጃጅ ቤታቸው ደረስኩ። በሩ ሲከፈት የሄሉ ሽታ ተቀበለኝ። ቢጫ ሩዝ ነበር። ባሏ «ከዚህ ይቀመጡ፣ እዚህ ጋ ጥሩ ይታያል» ብሎ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና ፊልም ሲፈልግ ቆየ።

«እማ፣ አንቺ ምረጪ» አለችኝ ሰሚራ። «የምታውቂው የህንድ ፊልም አለ?»

«አንድ አለ» አልኳት። «ስሙን ግን አላውቀውም።»

«ታሪኩን ንገሪን፣ እንፈልገዋለን።»

«ታሪኩንም አላውቀውም።»

ሳቀች። «ታዲያ ምኑን ነው የምታውቂው?»

ሩዙን ጎረስኩ። ጨው አንሶታል፤ ቢሆንም ጥሩ ነበር።

«መጨረሻውን» አልኳት። «መጨረሻው ላይ ሰውየው ቤቱ ይገባል።»