አበልጅ ዘመድ ነው ወይ?

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ባለቤቴ ከቅጥር ኮሚቴው ወንበር ተነሥታ ወጣች።

እኔ በክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ስለዚህ የዚያን ጠዋት ነገር የምጽፈው እሷ የነገረችኝንና የኮሚቴው ጸሐፊ በኋላ ያረጋገጠልኝን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል የሰው ኃይል ኃላፊ ናት። የገና እንግዳ ሳይገባ አንድ የእንግዳ ተቀባይ መቅጠር ነበረባቸው። ለቃል ፈተና ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ከሦስቱ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ ነበረች። የጽሑፉን ፈተና ያረመው ሌላ ሰው ስለሆነ ባለቤቴ እስከዚያ ቀን ዝም ብላ ቆይታለች። ስህተት ነበር፤ እሷም አልካደችም።

ከቃል ፈተናው በፊት ፈታኞቹ የሚፈርሙበት ቅጽ አለ፤ «ከተወዳዳሪዎቹ ጋር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የለኝም» ይላል። ስለ ክርስትና ልጅ የሚለው ነገር የለም። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ያዘችና መልሳ አስቀመጠችው። «አንዷ ተወዳዳሪ የክርስትና ልጄ ናት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «አበልጅ እኮ ዘመድ አይደለም። ቅጹን አንብቢው እንጂ።»

«አበልጅና አበልጅ ልጆቻቸውን ያጋባሉ?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን ሰምቶ!»

«ዘመድ ካልሆኑ ለምን አይጋቡም?»

ሳቁ ቆመ። «ስሚ፣ ከሦስት ፈታኝ አንዱ ከጎደለ ፈተና የለም። ዛሬ ካልተፈተኑ የሆቴሉን ባለቤት የእህት ልጅ በጊዜያዊነት አስቀምጣለሁ። ጊዜያዊ እንዴት እንደሚሰነብት መቼም ላንቺ አይነገርም።»

የፈተናውን ጥያቄዎች ያወጣችው እሷ ነበረች። አዲስ ጥያቄ ሌላ ሰው እንዲያወጣ፣ በእሷም ቦታ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊዋ እንድትተካ የሚል ማመልከቻ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችና ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ሰባት ሰዓት ላይ የልጅቱ እናት በራችን ላይ ቆሙ። ይግቡ ብንላቸው አልገቡም።

«ክርስትና ያነሷት አንቱ አይደሉም?» አሏት ባለቤቴን። «ያኔ አነሷት፣ ዛሬ ጣሏት!»

«አበልጄ፣ ፈተናው አልቀረባትም። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ለሌላው ሁሉ አጎቱ ተቀምጦለታል። ጻድቅ ዘመድ የገጠማት የኔዋ ብቻ ናት!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱስ ጋዜጠኛ አይደሉም? ይህን ሥራ አስኪያጅ በሬዲዮ ቢያነሱት ምን ይጎድልብዎታል?»

«ባለቤቴ ያለችበትን ጉዳይ አልዘግብም።»

«ሁለታችሁም ያው ናችሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ የሆቴሉ ባለቤት የእህት ልጅ የእንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጠ። በባጃጅ ሳልፍ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማታ ማታ ደብተሮቿን ይዛ ልታነብ ቤታችን ትመጣ የነበረችው ልጅቱም ቀረች። ባለቤቴ ስለ ጉዳዩ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ እራት ላይ፣ «ፈርሜ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር» አለች።

በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ተቀበለ። ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ የለም። የመኝታ ክፍሎች ኃላፊዋ ተተካች፤ ጥያቄዎቹ ተለወጡ፤ ሦስቱም ተፈተኑ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውጤቱ በሆቴሉ በር ላይ ተለጠፈ። ሥራውን ያገኘው ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የመጣ ወጣት ነበር። የክርስትና ልጃችን በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ሆነች፤ ከስሟ ፊት ለፊት «ተጠባባቂ» ተብሎ ተጽፏል።

የገና ዕለት ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ አበልጃችን ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት ልጅቱ ናት፤ «ይግቡ» አለቻት።