የዘንዚባር ካርዶች ጀርባ

ልጅ ሳለሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ባሕር ነበረ። ባሕሩ ያለው በአባቴ አክስት በእቴ ዘሀራ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ቁራጭ ሆኖ፣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ። ጣና ቅርብ ነው ይባላል፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን ጣናን ያየን አልነበርንም፤ የዘንዚባርን ባሕር ግን አንድ በአንድ እናውቀው ነበር። ነጭ ሸራ የዘረጋች ጀልባ፣ በነፋስ የጎበጡ ዘንባባዎች፣ የነሐስ ጉጥ የተመታበት ትልቅ የእንጨት በር፣ ሰሌን ላይ የተሰጣ ቡናማ ነገር፣ ከወገባቸው በታች ውኃ ውስጥ ቆመው መረብ የሚጎትቱ ወንዶች። እያንዳንዱ ካርድ ከመዳፍ ጥቂት ይበልጣል።

ያኔ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ አምስት ስድስት ሆነን እሷ ዘንድ እንሰበሰብ ነበር። የወይራው ፍም ምድጃው ውስጥ ይቀላል፣ ጭሱ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ዓይናችንን ይቆጠቁጠዋል፣ እኛም አጎዛው ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ላምባ ከቀበሌ በወረፋ የሚገኝበት ዘመን ስለነበረ ፋኖሷ ዝቅ ብላ ነው የምትበራው፤ እቴ ዘሀራ ተራው የደረሰው ካርድ ፊት ትንሽ ከፍ ታደርጋትና ሁላችንም አንዴ አይተን ስንጨርስ መልሳ ታወርዳታለች። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቅርንፉድ ምላሳችን ላይ ታስቀምጣለች። «የሚተፋ ልጅ ተረቱ አይገባውም» ስለምትል አፋችን እየነደደ እንታገሳለን። እጇ ላይ ሁልጊዜ እንዝርት አለ፤ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ መስጠት ነው ሥራዋ። ተረቱ ሲጠብቅ እንዝርቱ ይቆማል፤ እኛም መተንፈሳችንን እናቆማለን።

ከሁሉ የምወደው የበሩን ነበር። ከዚያ በር ጀርባ አንዲት ሴት ትኖራለች። ሰው ሲያንኳኳ ማነህ አትልም፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ትላለች። ወርቅ ይዤ ያለውን አትከፍትለትም። ሐር ይዤ ያለውን አትከፍትለትም። የንጉሥ ደብዳቤ ይዤ ያለውንም በሩ ላይ አሳድራ በማግሥቱ ትሸኘዋለች። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ «ምንም አልያዝኩ፤ ደክሞኝ ነው» አላት። ከፈተችለት። እዚህ ላይ እንዝርቱ እንደገና ይሽከረከራል፤ «ሸጋ ሴት ነበረች» ብላ ትጨርሳለች።

እኔ እሷ ዘንዚባር ኖራ የመጣች ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እቴ ዘሀራ ጥጥ ልትገዛ ከምትወርድበት ከኮላ ድባ ገበያ ወዲያ በሕይወቷ አልፋ አታውቅም። ተረቱን ሁሉ ካርዶቹን እያየች፣ እንደ ጥጡ፣ ከራሷ የፈተለችው ነው።

ካርዶቹን የላከላት ባሏ ሸምሱ ነው። በተጋቡ በዓመቱ ቆዳ ጭኖ ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ተሻግሮ ዘንዚባር ቀረ። የመጀመሪያው ካርድ የመጣ ጊዜ እሷ ገና ሙሽራ ናት፤ ፊደል አልቆጠረች። ገበያ ውስጥ ያለ አንድ መነጽራም ባለ ሱቅ ዘንድ ይዛ ሄደችና አንብብልኝ አለችው። እሱም፣ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ እንደ አዋጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «እዚህ ቅርንፉድን እኛ ገብስ እንደምናሰጣ ሰሌን ላይ ያሰጡታል። የፊት ጥርስሽ ፍንጭት ናፈቀኝ።» ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሸምግላ እንኳ አንዳንድ ነገረኛ መንገድ ላይ ሲያገኛት «ዘሀራ፣ ፍንጭትሽ እንዴት ከረመ?» ሳይላት አያልፍም ነበር።

የዚያን ዕለት ካርዱን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ወላሂ ብላም ማለች፤ ከእንግዲህ የባሏን ቃል ሰው አያነብላትም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ካርድ መጣ፤ ዘጠኙንም ሥዕሉን ወደ ውጭ፣ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አድርጋ በሙጫ ለጠፈቻቸው። «ሥዕል የሚልክ ሰው ደኅና ነው፤ የተቀረው የእኔና የእሱ ነው» ትል ነበር። መልስም አስጽፋ አታውቅም፤ ለማስጻፍም ለሰው መንገር ያስፈልጋላ። ከዘጠነኛው በኋላ ካርድ አልመጣም። ሌላ አላገባችም፣ ሐዘንም አልተቀመጠችም፤ ጥጧን ይዛ ቀረች።

እኔ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ትልቅ ሴት ነኝ፤ ደመወዜን ባገኘሁ ቁጥር ከፒያሳ አሮጌ ዕቃ ሻጮችና ከውጭ ከሚመለሱ ሰዎች የድሮ የዘንዚባር ፖስት ካርድ እየፈለግሁ እገዛለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ አንቺ የሰው ቆሻሻ» እያሉ ይስቁብኛል። ሻጮቹ ሥዕሉን ሊያሳዩኝ ይሽቀዳደማሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ባዶ ከሆነ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛውም። በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የሚያነብልኝ ሰው እስካገኝ እንቅልፍ የለኝም። ይህ አመል የመጣብኝ በአሥር ዓመቴ ነው፤ በራሴ ጥፋት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ርጥበቱ ሙጫውን አላልቶት የጀልባዋ ካርድ አንድ ጥግ ከግድግዳው ተላቀቀ። እቴ ዘሀራ ገበያ ናት፣ ቤት ውስጥ ማንም የለም። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ አራተኛ ክፍል ነኝ። ጥፍሬን አስገብቼ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሦስት ቃል ታየኝ። ያንኑ ጊዜ እቴ ዘሀራ የጥጥ ቅርጫቷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው ሙና? ምን ነካሽ?» አለችኝ።

ከድንጋጤዬ የተነሣ ይቅርታ መጠየቁን ትቼ ያነበብኩትን አፈረጥኩት። «እቴ፣ ‹ለምን ዝም አልሽ› ይላል።»

ቅርጫቱን አስቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልመታችኝም። «ማን ነው ዝም ያለ?» አለች፤ እኔን አልነበረም የጠየቀችው። ያን ሁሉ ዓመት ባሏ ወሬ የሚልክላት እንጂ የሚጠይቃት አልመሰላትም። ላንብብልሽ፣ ሁሉንም ላንብብልሽ፣ ለማንም አልናገርም ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ።

«ምያለሁ እኮ ልጄ። እስካሁን የቆየ ነገር ፊደል እስክቆጥር አይጠፋም።»

በዚያው ሳምንት ቀበሌ ሄዳ ለመሠረተ ትምህርት ተመዘገበች። ሌላው አዋቂ ከትምህርቱ ለመቅረት እግሬን፣ ወገቤን እያለ ያመካኛል፤ እሷ ደግሞ እንዝርቷን ይዛ ከሁሉ ቀድማ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። አስተማሪዋ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰች ቀጭን ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ ስማችሁን እንጽፋለን» ስትል፣ እቴ ዘሀራ «ስሜንማ አውቀዋለሁ፤ የሰው እጅ ጽሑፍ የሚነበብበትን አሳዪኝ» አለቻት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ትልቁ ቅጣቴ ተረቱ መቋረጡ ነበር። «የማላውቀውን ሳወራ ኖሬያለሁ፤ እስካውቀው ዝም እላለሁ» አለች። ልጆቹ ምክንያቱ እኔ መሆኔን ሲሰሙ ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ ከዚያ መምጣቱንም ተዉት። እኔ ብቻ ማታ ማታ እሄዳለሁ። ተረቱ ቢመለስልኝ ብዬ አስጠናት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ስለ እሷ ያሰብኩት ኋላ ነው። በከሰል መሬቱ ላይ ትጽፋለች፣ በእግሯ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። የመጽሐፉን ፊደል ስትችለው የእጅ ጽሑፍ አስቸገራት፤ ስለዚህ የአባቴን የድሮ ደብዳቤዎች ለመለማመጃ አመጣሁላት። ጣቷን ከቃል ቃል እየጎተተች፣ ላቧ እየወረደ ታነባለች። ሲደክማት «በቃ ነገ» እላታለሁ፤ «ነገ የራሱ አለው» ትለኛለች። እንዲህ ሆና መስከረምን ግንቦት ላይ አደረሰችው።

አንድ እሑድ ጧት በሩን ዘጋች። ጀበናውን ጥዳ በእንፋሎቱ፣ በእርጥብ ጨርቅና በቢላዋ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። የእኔ ሥራ የተነሣውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ሰፌድ ላይ ማስተኛት ነው፤ ጀርባውን እንዳላይ አዝዛኛለች። ሁሉም ተነሥቶ ግድግዳው ሲራቆት ተቀመጠችና አንድ በአንድ ማንበብ ያዘች። በልቧ ማንበብ ገና ስለማትችል ድምፅ ታወጣለች፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ፤ እንደምሰማም ታውቃለች።

በዘንባባዎቹ ጀርባ፦ «ምጽዋ ላይ የሚቀበልሽ ሰው አዘጋጅቻለሁ። ከነጋዴዎቹ ጋር ውረጂ።» በበሩ ጀርባ፦ «ቤት ተከራየሁ። በሩ እንዲህ ያለ ነው። ስትመጪ አንኳኪ፤ የምከፍትልሽ እኔ ነኝ።» በጀልባዋ ጀርባ፦ «ለምን ዝም አልሽ? አመመሽ? ወይስ ባሕሩን ፈራሽ?» የመጨረሻው ካርድ ጀርባ ባዶ ነበር፤ ቀለሙ ተላቆ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ተገልብጦ። እቴ ዘሀራ ብዙ ካፈጠጠችበት በኋላ የፊት መስተዋቷን አመጣች። መስተዋቱን ግድግዳው ፊት ይዛ፣ አንገቷን አጣማ፣ በመስተዋቱ ውስጥ አነበበችው።

«እዚህ ያሉት አግባ አግባ ይሉኛል። እንቢ በዪኝና እተወዋለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

አላለቀሰችም ብል ውሸት ነው። ጎረቤት እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ አለቀሰች፤ እኔም ያቺን ጥግ የነካሁባትን ቀን ረገምኩ። «ጀርባው ሲጠራኝ እኔ በፊቱ ተረት አወራለሁ» አለች። ኋላ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ሶላቷን ሰገደች፣ ከደብተሬ አንድ ቅጠልና እስክሪብቶዬን ጠየቀችኝ። ምሳችንን ሳንበላ ዋልን። ማታ ላይ ወረቀቱን ሰጠችኝና «ግድፈት ካለበት እይልኝ» አለችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሸምሱ። ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ማንበብ ስላልቻልኩ ዘገየሁ። እንቢ። ዘሀራ።»

ግድፈት አልነበረበትም። ግን ልጅ ነኝና አፌ አላረፈም፤ «እቴ፣ ይኸን ያህል ዓመት አልፎ? አግብቶ ወልዶ ይሆናል እኮ። ሞቶም ይሆናል» አልኳት።

«ጠይቆኛል አይደል? የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። ሌላውን አላህ ያውቃል።»

በማግሥቱ እሷና እኔ ፒያሳ ወዳለው ፖስታ ቤት ወጣን። ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ የሚልክ ሰው በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ነበር፤ አባቴ ሰምቶ እንዳትሄድ ለምኗታል፤ አልሰማችውም። በዚያው ሳምንት ልጆቹን ራሷ እየዞረች ጠራችልኝ፤ የበሩንም ተረት እንደገና አወራችው። አሁን ከበሩ ጀርባ ያለው ወንድ ነው፤ የምታንኳኳው ሴት ናት፤ ይከፈትላት አይከፈትላት አልነገረችንም፤ ብንለምናትም እንቢ አለች።

ለደብዳቤው መልስ አልመጣም። ደርሶት ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሁን፣ ተቀባዩ ከአፈር ገብቶ ይሁን፣ እሷም ሳታውቅ ሞተች፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። ካርድ እየሰበሰብኩ ጀርባ ጀርባውን የማየው የሸምሱ መልስ ይገኛል ብዬ እንዳልሆነ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ራሴ ግን አያምነኝም። በሥራዬ ላይ ሰው ሁሉ «አሁንማ ረፍዷል» ሲለኝ ግን ያ ፖስታ ቤት ይታወሰኛል። መስኮቱ ከፍ ያለ ነበር፤ እቴ ዘሀራ በእግሯ ጣቶች ቆመች፣ ፖስታውን አስገባች፣ ዘግይቼ ይሆን ብላ ማንንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለዘንዚባር የሚለጠፈው ቴምብር የቱ ነው?»