በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛው ሰው

ሁዳዴ ገብቷል፤ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እንቁላል ይመርጣሉ። ትንንሾቹን ብቻ እያነሱ በፀሐይ ያያሉ፣ ያሸታሉ።

«ምነው አባቴ፣ ማተብ አስረው በጾም?» አለች ሻጯ።

«ለእባቤ ነው» አሉ ዝግ ብለው።

ሻጯ አማተበች። እኔ ግን ጠጋ ብዬ ምን ዓይነት እባብ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መልኩ ቁርጥ እፉኝት ነው። አረርቲ ላይ ሊወግሩት ሲሉ አፉን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ጥርስ የሚባል የለውም። እንቁላል ውጦ ቅርፊቱን መልሶ ይተፋል።»

እንቁላሎቹን እንዳይበርዳቸው ጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስጠጓቸው።

«ከገና ወዲህ ምንም አልቀመሰልኝም» አሉ ሊሄዱ ሲሉ። «የእኔ ጾም እንደሁ በፋሲካ ይፈታል። የእሱን መፍቻ ግን ማን ይነግረኛል?»