ወንዝ ዳር የቀረችው ሙሽራ

ልብስ ሰፊው አዝመራው አፉን ዘግቶ ማንበብ አይችልም። እንጅባራ ውስጥ ይህን የማያውቅ የዕድሜ እኩያ የለውም። በልጅነቱ ከአዲስ ቅዳም ማዶ ባለች ደብር፣ የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር፣ ድምፁ የጠፋ ተማሪ ወይ አንቀላፍቷል ወይ ሰንፏል ተብሎ አለንጋ ይቀምስ ነበር። እናም ንባብ ማለት ለእሱ ድምፅ ነው፤ ያውም ዜማ ያለው። መዝሙረ ዳዊትን አንብቦ ጨርሶ ዜማ ቤት ሊገባ ሲል አባቱ ታመመበትና ወደ ከተማ መጥቶ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ። ክህነቱ ቀረ፤ ዜማው ግን አልቀረም። ጋዜጣም ይሁን የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ አዝመራው እጅ ከገባ እየተጎተተ፣ እየወጣና እየወረደ፣ መጨረሻው ላይ እርፍ እያለ ነው የሚነበበው።

ባለቤቱ ይመኙሽ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን በረንዳው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል፣ እሱ መኪናውን አቁሞ ያነብላታል። አማርኛው ከረር ሲልባት፣ “እስቲ በኛው አፍ ንገረኝ” ትለዋለች፤ በአገውኛ መልሶ ይነግራታል። አንድ ጎረቤታቸው የነበረ አስተማሪ መጽሐፍ ያውሳቸው ነበርና፣ በዚያች በረንዳ ላይ ስንቱ የልብ ወለድ ሰው ተድሯል፣ ስንቱ ተቀብሯል! ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ታሪኩ እስኪያልቅ ቆሞ ይቀራል። “ኧረ ሱሪዬስ?” ያለ እንደሆነ መልሱ ከይመኙሽ ነው።

“ቆይ እንጂ! ሰውዬው ሊሞት ነው፣ አንተ ስለ ሱሪ ታወራለህ?”

ኋላ አስተማሪው ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ የይመኙሽ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ አይቶ፣ የተጎዳው የውስጡ ነርቭ ነውና መነጽርም ቢላዋም አይመልሰውም አላቸው። ቁልፍ መትከሉ ቀረ፣ ገበያው ቀረ፣ ከጎረቤት ደጅ ብቅ ማለቱም እየቀረ ሄደ። አንድ ቀን አዝመራው አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥባት፣ “ምን ሆነሃል? ጆሮዬ እኮ አለ” አለችው። “ለጆሮዬ የሚሆን ነገር አምጣልኝ።”

በ2006 ክረምት፣ ያ የእንጅባራ ዝናብ ሳያባራ ሲወርድ፣ አዝመራው ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። መጽሐፍ ከግቢው አይወጣም አሉት። “እንግዲያው በሆዴ ይዤው እወጣለሁ” ብሎ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ስስ መጽሐፍ መርጦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቤቱ ባዶ ነው፤ በዜማው ቢያነብ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ያነበበውን ለይመኙሽ ይነግራታል። ታሪኩ የአንዲት ሙሽራ ነው። ከሩቅ አገር ታጭታ፣ በበቅሎ ተጭና ስትመጣ፣ ወንዝ ዳር ስትደርስ በቅሎዋ ውኃውን አይታ እግሯን ተከለች። ንቅንቅ የለም።

ይመኙሽ ይህን ስትሰማ ወደ እሱ ጠጋ አለች። እሷም ከጥሊሊ ማዶ፣ የፈጣምን ወንዝ ተሻግራ ነው የተዳረችው። የእሷም በቅሎ ያን ቀን ውኃው ውስጥ አልገባም ብላ አስቸግራ ነበር።

“ነገ ቀጥላት” አለችው።

ነገ ግን ሌላ ቀን ሆነ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ተከፍቶ ኖሮ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሏል። አዝመራው መጽሐፉን ገልጦ ድምፁን ሲያነሣ፣ ተማሪው ሁሉ ቀና አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዮርዳኖስ በእግር ጣቷ እየተራመደች መጥታ ጎንበስ አለች።

“አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰው እያጠና ነው። በልብዎ ያንብቡ።”

“በልቤ?” አለ አዝመራው። “ልቤ መች ፊደል ቆጠረ ልጄ? የቆጠረው አፌ ነው።”

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንደገና ለመነችው። እሺ ብሎ ሞከረ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መስመሩን በጣቱ ተከተለ፤ ፊደሉ ይታየዋል፣ ነገሩ ግን ጠብ አይልም። ገጹን ጨርሶ ምን እንዳነበበ ራሱን ቢጠይቅ ባዶ! መጽሐፉን መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

“ሙሽራይቱስ?” አለች ይመኙሽ ገና ኮቴውን ስትሰማ።

“እዚያው ናት።”

“ወንዝ ዳር?”

“ወንዝ ዳር።”

“በዚህ ብርድ!”

ከዚያ ወዲህ አዝመራው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዝር አላለም። ይመኙሽ ግን አልለቀቀችውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ “ወንዙ ይሞላባታል” ትላለች። አንድ ሌሊት ከእንቅልፏ ነቅታ፣ “እናቷ ዘንድ ትመልሳታለች ይሆን በቅሎዋ?” ብላ ጠየቀችው። ምን ይበላት? ከራሱ ፈጥሮ ሊያሻግራት ቃጣው፤ ግን የተጻፈን ነገር መለወጥ የኔታ እንደ ኃጢአት ነው ያስተማሩት።

መስከረም ሊጋመስ ሲል ዮርዳኖስ በረንዳው ድረስ መጣች።

“አባባ፣ ጠፉብን እኮ!”

“እኔ አልጠፋሁም፤ የጠፋው ድምፄ ነው።”

አንገቷን ሰበር አድርጋ የመጣችበትን ነገረችው። የአረጋውያን ቀን ሊከበር ነው፤ ዘንድሮ በዓሉ የሚደረገው በቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ እማማንም ይዘው ይምጡ፤ ዳቦና ጠላ አለ፣ ለአረጋውያንም ጋቢ ይሸለማል።

“ጋቢስ አለን” አለች ይመኙሽ ከውስጥ። “እኛ የምንፈልገው ሙሽራይቱን ነው።”

ዮርዳኖስ ግራ ገብቷት ቆመች። አዝመራው እያፈረ ነገሩን ሲያስረዳት ፊቷ ቀላ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ “በዚያ ቀን ጸጥታ የሚባል ሕግ አይሠራም” አለች። “ይምጡና ለሁሉም ያንብቡ።”

እሷ ስትሄድ አዝመራውን ፍርሃት ያዘው። በረንዳ ሌላ፣ ሹማምንት የተቀመጡበት አዳራሽ ሌላ! “ይስቁብኛል” አለ።

“ይሳቁ” አለች ይመኙሽ። “አንተ ብቻ አሻግራት።”

በበዓሉ ቀን ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ አግዳሚ ተደርድሯል። ኃላፊው ስለ አረጋውያን ክብር ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አረጋውያንም በክብር አንቀላፉ። ጋቢው ታደለ። በመጨረሻ ዮርዳኖስ ያንኑ መጽሐፍ አምጥታ አዝመራው እጅ ላይ አኖረችው።

“ከወንዙ ጀምር” አለች ይመኙሽ ካለችበት ሆና።

“ዳዊት ከመካከል ይጀመራል እንዴ?” አለና መነጽሩን አስተካክሎ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። በዜማ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ “የመጀመሪያ… እትም… መብቱ… በሕግ የተጠበቀ… ነው” አለና የመጨረሻዋን ቃል አሳርፎ ዘጋት።

“አሜን!” አለ ከኋላ በኩል ባዘዘው የሚባል ሽማግሌ፣ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አዝመራው መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ፤ ጆሮው ጋለ። ሊቀመጥ ወገቡን ሲያጎብስ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

“አንተ ሰውዬ! ብርዱ ገደላት እኮ!”

ይህን ጊዜ ሳቁ ወደ ይመኙሽ ዞረና አዝመራው አፉን ከፈተ። እየቆየ ሳቁ በረደ። የገጠር ሰዎች ነበሩና አማርኛው የከበዳቸው ፊታቸውን ሲቋጥሩ፣ ልክ እንደ በረንዳው ቆም ይልና በአገውኛ ይነግራቸዋል። ያንቀላፉት ቀና አሉ። ዝምተኛ የነበሩት፣ “እዩዋት!”፣ “ምነው አማቷ እንዲህ ከፋች!” ማለት ጀመሩ። ሙሽራይቱ ታጨች፣ ተጫነች፣ መንገድ ገባች። በቅሎዋ ወንዙ ዳር እግሯን ስትተክል፣ ኃላፊው ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ፤ ሰዓቱ ስለሄደ ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ያበቃል አሉ።

የተነሣ የለም። ይመኙሽ አዲሱን ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ ተከናነበች። ባዘዘው ግን ከዘራውን ተመርኩዞ ቆመ።

“ጌቶች፣ እኛ አገር ሙሽራ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እናንተ ሂዱ፤ እኛ አሻግረናት እንመጣለን።”

ኃላፊው መልሰው ተቀመጡ።

አዝመራው ገጹን ገለጠ። ሙሽራው ከበቅሎው ወረደ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ወንዙ ውስጥ ገብቶ የሙሽራይቱን በቅሎ ልጓም ያዘ። በቅሎዋ እሱን አይታ አንድ እግሯን ውኃው ውስጥ አስገባች። ቀጥላ ሌላውን። አዝመራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ አስረገጣት፤ “ተሻገረች” ሲል ሴቶቹ እልል አሉ።

ይመኙሽ እልል አላለችም። ፈገግ ብላ ብቻ ተቀምጣ ነበር።

ሲወጡ ዮርዳኖስ እስከ በሩ ተከትላ፣ ከዚህ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የድምፅ ንባብ እንዲሆን ለአለቃዋ እንደምትናገር ነገረቻቸው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ይመኙሽ ቆም አለች።

“የመጽሐፉ ሙሽራ ወረደላት።”

“ሰማሽ አይደል።”

“አንተ ግን ፈጣም ላይ አልወረድክም። ልጓሜን የያዘው ሚዜህ ነበር።”

አዝመራው ቁልቁል ጫማውን አየ።

“ያን ቀን ጫማህ የውሰት እንደነበር አውቃለሁ” አለች። “ለዚያ ነው ምንም ያላልኩህ።”

ዝናቡ ከደረጃው ሥር ኩሬ ሠርቶ ነበር። አዝመራው መጽሐፍ ሊያነብ ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ከነጫማው ውኃው ውስጥ ገብቶ እጇን ያዘ።

“ቀስ በል እንጂ” አለች ይመኙሽ እግሯን እየዳበሰች ስታወርድ፤ “በቅሎ አይደለሁም።”