የፒቸሩ ጃንጥላ

ባለፈው ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ከጎኔ ከቆመ ታክሲ መስኮት የቤዝቦል ስርጭት ይሰማ ነበር። ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር የሕዝቡ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል፤ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል። የመኪናዬን በር እንደያዝኩ ቆምኩ። ጋሼ ወርቁ ያንን ዝምታ «ኳሷ ገና ከወርዋሪው እጅ አልወጣችም» ይሉት ነበር።

ጋሼ ወርቁ ከኦሎምፒክ መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። እናቴ በርባንክ የሚባል ከተማ እየሄደች አዛውንት ትንከባከብ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ዘንድ እቆያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አስተማሪዬ ስሜን ስትጠራ እንኳ አቤት ማለት የሚከብደኝ ልጅ ነበርኩ። እንደ እኩያዬ ጋሼን አንተ እላቸው ነበር፤ አንቱ ማለትን ኋላ ነው የተማርኩት። የምቀመጠው ባዶ የዘይት ሳጥን ላይ ነው። ከፊቴ ቁልፎቹ በበርበሬ የቀሉ አሮጌ ላፕቶፕ አለ።

ሥራዬ ማንበብ ነበር። ጋሼ የዓይን ሞራ ጀምሯቸው ስለነበር የስክሪኑ ደቃቅ ጽሑፍ አይታያቸውም። የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን ይከተሉ ነበር፤ አከታተላቸው ግን እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ድራፍት ይመጣል፤ ቡድኖች በተራ በተራ ከየትምህርት ቤቱ ወጣቶችን የሚመርጡበት ነው። ጋሼ መጀመሪያ የተጠሩትን አያስነብቡኝም። «እነሱን ሀገር ያውቃቸዋል፤ ወደ ታች ውረጂ» ይሉኛል። የሚፈልጉት መጨረሻ አካባቢ የተጠሩትን ነው። የተመረጠ ልጅ ወዲያው ትልቁ ቡድን አይገባም፤ በየትንንሹ ከተማ ባሉ የታችኛው ሊግ ቡድኖች ከደረጃ ደረጃ ሲወጣ ዓመታት ያልፋሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። «የቆሎ ተማሪዎች ናቸው» ይሉ ነበር ጋሼ። እሳቸውም በልጅነታቸው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት ተሻግረው፣ ቅኔ ቤት ሳይደርሱ ቀርተዋል። ለምን እንደቀሩ አልነገሩኝም፤ እኔም ጠያቂ ልጅ አልነበርኩም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ከተጠሩት መካከል ኮዲ የሚባል፣ በግራ እጁ የሚወረውር ፒቸር አገኘን። ፎቶው ላይ ጆሮዎቹ ከኮፍያው ውጭ ቆመዋል። «ይሄ የኛ ነው» አሉ ጋሼ። በሁለተኛው ዓመት ኮዲን ክርኑን ሲያመው ጋሼ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ፤ ትልቁ ሊግ ላይ ቆሞ ሲወረውር ካሰማኸኝ አስገባለሁ ብለው።

ስለቱን የሰማው ባዩ፣ ከሰዓት ከሰዓት ታክሲውን አቁሞ ብቅ የሚል ደንበኛቸው፣ «ጋሼ፣ ለግራኝ ደግሞ ጃንጥላ ይሳላሉ? ገብርኤል ምን ይላል?» አለ።

«ገብርኤል እንዳንተ ወሬኛ አይደለም።»

በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት ገጹን ስከፍት፣ ቡድናችን ኮዲን ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጥቶታል። ያውም ለዋናው ተቀናቃኝ። ጋሼ ከኋላዬ ሽሮ ይመዝናሉ።

«ልጃችን ዛሬ ምን ሠራ?»

«አልተጫወተም» አልኩ።

አያቴ ሀገር ቤት ስታርፍ ለእናቴ ስድስት ቀን አልተነገራትም ነበር። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው፣ ገና ጎህ ሲቀድ መጥተው ነው ያረዷት። ክፉ ወሬ እንደዚያ እንደሚያዝ አውቅ ነበር፤ ያዝኩት። በማግስቱ «አረፈ» አልኩ፤ ቀጥሎም «ዝናብ ነበር»። በአምስተኛው ቀን የጋሼ ፊት ሲጠቁር አየሁና አንድ ሙሉ ጨዋታ ፈጠርኩ። ኮዲ ሰባት መቺዎችን አስወጣ ብዬ አነበብኩ። ጋሼ በዚያን ቀን ለገባ ገበያተኛ ሁሉ ስለ ሰባቱ አወሩ። በርበሬ ልትገዛ ለመጣች፣ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ለማታውቅ ሴት ሳይቀር።

ከሁለት ቀን በኋላ ባዩ ገና በሩ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ትሬድ አደረጉት አይደል? ሳምንት ሆነው እኮ!» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቁልፎቹን አያለሁ።

«ታውቂ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ሰባቱስ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ባዩ ሳቁ አመለጠው። «ይቺ ልጅ መርዶ ይዛ ነዋ የከረመችው!»

ጋሼ አልሳቁም። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ሽሮ ወደ ከረጢቱ ገልብጠው፣ አፉን አስረው ሲያበቁ፣ «መርዶ ለብቻ አይያዝም» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ሰው ጥሪ። ባዩም ቢሆን ሰው ነው።» ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ሳጥኔ አስጠጉ። «በይ ክፈቺው። አዲሶቹ የት ከተማ ነው ያስቀመጡት?»

«አሁን እኮ ጠላት ነው ጋሼ» አለ ባዩ።

«ስሳል የማልያውን ቀለም አልጠቀስኩም።»

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮዲ ትልቁ ሊግ ገባ። መጀመሪያ የወረወረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ በእኛ ቡድን ላይ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሦስታችን በሬዲዮ ሰማነው። አራት መቺዎች ገጠሙት፤ ሦስተኛው ኳሷን ከሜዳ ውጭ ላካት፤ ለወርዋሪ ከዚህ የከፋ የለም። ከጎረቤት ምግብ ቤት ጭብጨባ ተሰማ። ባዩ እንኳ የቡድናችን ደጋፊ መሆኑን ረስቶ አንገቱን ደፋ። በሳምንቱ ኮዲን ወደ ታች መለሱት፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ትልቁ ሊግ ላይ አላነበብኩም።

«ለዚች ነው ጃንጥላው?» አለ ባዩ።

«ይድረስ ነው ያልኩት» አሉ ጋሼ። «ደርሷል።»

ጃንጥላውን ከአዲስ አበባ በመንገደኛ አስመጡ፤ አረንጓዴ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ቤተ ክርስቲያን ስናስገባው ቄሱ ስለ ማን የተሳለ ስለት እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ «ስለ አንድ ተማሪ» አሉ።

ጋሼ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ሱቃቸው አሁን የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ነው። ጃንጥላው ግን በየዓመቱ ለገብርኤል ንግሥ ይወጣል፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ዘርፉም ሁለት ቦታ ተነቅሏል። ባለፈው ታኅሣሥ ከጎኔ የቆመች የማላውቃት ሴት «ደግሞ ይሄ ያረጀው የማን ስለት ነው?» አለችኝ። ለማላውቀው ሰው ብዙ አላወራም። ያን ቀን ግን ታቦቱ እስኪገባ ድረስ ከድራፍቱ ጀምሬ ነገርኳት፤ አራቱን መቺዎች፣ ከሜዳ የወጣችውንም ኳስ። ሰባቱን አልጨመርኩም።