ቀለም የጠጣው መስኮት

ሚስተር ኦርቪል ፔትዌይ እንደ እኔው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት፣ የሚያከራየው አንድ ቤት አለው። ለማንኛውም የቤት በሽታ የሚያውቀው መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፤ ቀለም። ጣሪያው ካፈሰሰ ይቀባዋል። በሩ ካቃሰተ ይቀባዋል። ሚስቱ ስታኮርፍ ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው የካቲት ቫኔታ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ቤቱን ልትከራየው መጣች። አብዛኛውን ኪራይ መንግሥት ይከፍልላታል፤ ግን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቤቱን አይቶ ካላሳለፈው አትገባም። የኪራይ ድጎማ ወረቀቷ በሳምንቱ ዓርብ ያበቃል። ካመለጣት እንደገና የዓመታት ወረፋ ነው፤ እስከዚያ ከነልጆቿ እህቷ ሶፋ ላይ ልታድር ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሚስ ግሬንጀር መጀመሪያ መጥታ «የመስኮቶቹ ቀለም ተላልጧል» ብላ ቤቱን ጣለችው። ለኦርቪል ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም። ሲቀባ ሰነበተ፤ በቀለም ላይ ቀለም ደረበ። መስኮቶቹ እንደ ሙሽራ አብረቀረቁ።

ዓርብ ጠዋት ሚስ ግሬንጀር አንዱን መስኮት ልትከፍተው ወደ ላይ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ሌላውም እንዲሁ፤ ቀለሙ ከጠርዙ ጋር አጣብቆታል።

«ይሄ መስኮት ነው ወይስ ሥዕል?» አለች። «እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

«ቀለሙ ግን አያምርም?» አለ ኦርቪል።

«ያምራል። ግን አላለፈም።» ከዚያ ቫኔታን አየቻትና አንጀቷ አልችል አለ መሰለኝ። «ከኋላ መንገድ የማየው ቤት አለኝ። ስጨርስ በዚህ በኩል አልፋለሁ።»

እኔ የመጣሁት ኦርቪል ላይ ልስቅ ነበር። ቫኔታ ካፖርቷን አውልቃ ስትጥል ግን ሳቄ ጠፋ። የቀለም መፋቂያውን ከኦርቪል እጅ ነጥቃ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ትግል ገጠመች።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ! ቀለሜን!»

«ሚስተር ኦርቪል፣ ሲቀቡ ዝም ብዬዎታለሁ፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው!»

 ኦርቪል መዶሻውን አመጣና ለቅሶ ቤት የተቀመጠ መስሎ የገዛ ሥራውን ያፈርስ ጀመር። እኔም ጃኬቴን አወለቅሁ። ሚስ ግሬንጀር ስትመለስ ፍርፋሪውን ጠርገን፣ ጠርዙን አለስልሰን ጠበቅናት። መስኮቱን በሁለት ጣት ገፋችው፤ ተከፈተ። ሁሉንም ሞከረችና «አልፏል» ብላ ፈረመች።

ኦርቪል ወዲያው የተጫረውን ሊያስተካክል ብሩሹን ይዞ ከች አለ። ቫኔታ ቀማችው።

«መጀመሪያ ቁልፉን!»

ሰጣት። ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በተከፈተው መስኮት ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ ብርድ ይገባል። የእኔም ዓይን አልቻለም፤ በቀለሙ ሽታ አላሳብብም።

«ዝጊው እንጂ ልጄ፣ ቤቱን በረደው» አላት ኦርቪል።

«ቤቴ ነው» አለች። «ይብረደው።»