መነሳት ያቃታት ምራት

መጀመሪያ የመጣው የልብ ምት ነው። ታይፎይድ ከለቀቀኝ አንድ ወር ሆኖኝ ነበር። ቡሬ፣ የማስተምርበት ክፍል ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ይደልቅ ጀመር። ስቀመጥ ተወኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

የባለቤቴ ቤተሰቦች ከቡሬ ወጣ ያለ ገጠር ይኖራሉ። እዚያ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ የማይል ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ምራት ነኝ። አንድ ተዝካር ላይ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሲገቡ ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ። ስነቃ አንዷ «ቡዳ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «አርግዛ ይሆናል» ትላለች።

ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። ሽማግሌ ሲገባ ከመደቡ ሳልነሳ መቅረት ጀመርኩ። «ተምራለቻ! ለማን ብላ ትነሳ» ሲባል ሰማሁ። ከመውደቄ ይልቅ ይኼ አመመኝ። አማቴ ናቀችኝ ብለው ቢቀየሙስ? ትዳሬም ያሳስበኝ ጀመር።

ከባለቤቴ ጋር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድን። አንድ ሽበታም ሐኪም አስተኝቶ የልብ ምቴን ለካኝ፤ ሰባ ሁለት። አሥር ደቂቃ አቁሞ ለካኝ፤ መቶ ሃያ አራት። ግፊቴ አልወረደም። የልብ ምርመራው ኢሲጂም የደም ምርመራውም ደህና ነው።

«ልብሽ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ስትቆሚ ደሙ ወደ እግርሽ ይወርዳል፤ ልብሽ ያንን ለማካካስ ይሮጣል። ፖትስ ይባላል። ውሃ ጠጪ፣ ጨው ጨምሪ፣ ስትነሺ ቀስ በይ።»

አለቀስኩ። ሕመሜ ስም ነበረው።

በቀን ሦስት ሊትር ውሃ መጠጣት ቀልድ አይደለም፤ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ብርጭቆ እጨልጣለሁ፣ ሽሮዬን ጨው አበዛበታለሁ፣ እግር ጠበቅ የሚያደርግ ረጅም ካልሲ እለብሳለሁ፣ በጾም ሰዓትም የንስሐ አባቴ ውሃውን ፈቅደውልኛል። ባለቤቴ «ላሚቱ አሞሌ ጨዌን ትቀማኛለች ብላ ሰግታለች» እያለ ያሾፍብኛል። በሦስተኛው ወር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቆሜ አስተማርኩ። ግፊት ወይም ኩላሊት ያለባችሁ ግን ጨው አደጋ ነውና ሳትመረመሩ እኔን እንዳትከተሉ። ሕመማችሁንም አትደብቁ፤ እኔ በመደበቄ ነው የተጎዳሁት።

ከሐኪሙ ቀጥሎ የማመሰግነው አማቴን ነው። ሁሉንም ራሴ ነገርኳቸው፤ እስክጨርስ አዳመጡኝ። የሚካኤል ማኅበር እሳቸው ቤት የወጣ ዕለት፣ ቤቱ በሰው እንደተሞላ ገቡ። ሰው ሁሉ «ኖር! ኖር!» ብሎ ተነሳ። እኔ ገና ተቀምጬ፣ ደሙ ከእግሬ እንዲመለስ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ። አማቴ እንደ ወጉ «በግዜር» ብለው ሰዉን አላስቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ቆሞ ጠበቀኝ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና «ኖር» አልኳቸው።

«በግዜር፣ ልጄ» አሉና ተቀመጡ።